የመሪጌታ ቢጫ

«ባሏን አቅምሳዋለች» የተባለችው ሴት እኔ ነኝ። ወሬው ከወገዳ ገበያ ተነሥቶ እስቴ፣ ወላጆቼ ደጅ ድረስ ስለዘለቀ ከእናንተም መካከል የሰማ አይጠፋም። ወሬ ግን ከባለቤቱ ሲሰማ ነው ደግ። እስቲ አንዴ ጆሮ ስጡኝ።

ደጊቱ እባላለሁ። ያን ጊዜ ወገዳ ላይ አጠቃላይ ሳይንስ አስተምር ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከተማው ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል እሰነብትና ዓርብ ከሰዓት ባሌ ወዳለበት ወደ ስማዳ ገጠር በእግሬ እሄዳለሁ። ባሌ ልየው ገበሬ ነው፤ ዲያቆንም ስለሆነ በሬውን በፈታ ማግስት ለቅዳሴ ይቆማል። የምንኖረው ከእናቱ ከእማማ የልፍኝ ጋር በአንድ ግቢ ነው። አባቱ ከዓመት በፊት በሰኔ ዐርፈዋል። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ብራና የሚጽፉ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መልአክ የሚሥሉ ሰው ነበሩ። በአካባቢው «መሪጌታ» ከተባለ እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን የሚያነሣ የለም።

ከአማቴ ጋር የነበረንን ፍቅር ለመናገር ብዙ ወረቀት አያስፈልገኝም። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ እሱን ደግሞ እኔ ወስጃለሁ። በዚያ ላይ የሰው አገር ሰው ነኝ፣ በዚያ ላይ ገና አልወለድኩም፣ በዚያ ላይ ምላሴ አያርፍም። ገና ሙሽራ ሳለሁ የሠራሁትን ወጥ ቀምሰው «የእስቴ ሴት ጨው ትፈራለች» ቢሉኝ፣ «የስማዳ ሴትስ ምን ትፈራለች?» ብዬ መለስኩላቸው። ልየው ሳቁን ሊደብቅ ወደ በረት ሮጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ እሳቸው ይሠራሉ፣ እኔ ውሃ እቀዳለሁ።

የልየው ሕመም የጀመረው በሁዳዴ ነው። መጀመሪያ ሆዱን ይቆርጠውና ያስመልሰው ነበር። ቀጥሎ እግሩ መጣ። «ደጌ፣ ከእግሬ ሥር ፍም ያለ ይመስለኛል» ይለኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እሾህ ወግቶት ደሙ እየፈሰሰ አይታወቀውም። ድፍን ቀን ሲያርስ ውሎ የማይደክመው ሰው ከቤት እስከ በረት ሄዶ ይቀመጥ ጀመር።

ጎረቤቱ በአንድ ቃል ፈረደ፦ ጓያ ነው። በእኛ አገር በክፉ ዘመን ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው እግሩ እንደሚሰበር ሕፃን ልጅም ያውቃል። አማቴ ግን ይህን ሲሰሙ ቆሌያቸው ተገፈፈ።

«የመሪጌታ ቤት ነው ጓያ የሚበላው? ኑ! ኑና ጎታዬን እዩ!» ብለው ጎረቤቱን እየጎተቱ አስገቡ። ባቄላቸውን በእፍኝ እያወጡ አሳዩ። የዚያ ዓመት ነቀዝ የስንቱን ቤት እህል ዱቄት አድርጎ ሳለ የእሳቸው ባቄላ ድፍን ነበር፤ አንድም ቀዳዳ የለበት። ሰዉ ተገረመ። «በረከት ነው፣ መሪጌታ ከላይ ሆነው ይጠብቁታል» ተባለ።

ነገሩ በእኔ ላይ የዞረው ያን ጊዜ ነው። ከእህሉ ካልሆነ ከእጅ ነው ማለት ነው። የማን እጅ? መቼም የእናቱ አይሆን።

ፋሲካ መጣ። በሃምሳው ቀን ልየው ደህና ሆነ። እኔም ለበዓሉ ዕረፍት ቤት ነበርኩና «ያሠረችውን ፈታችለት» አሉ። ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሰኔ ጾም ሲገባ እንደገና ወደቀ፤ «ደግማ አቅምሳዋለች» አሉ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አማቴም እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ቀብረው ነው የሚያናግሩኝ። እጄን ላለመንካት ይመስለኝ ነበር፤ ያ ነገር ከሁሉ በላይ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ውሃ ቀድቼ ስገባ አማቴ ለመሪጌታ ሙት ዓመት ባቄላ ያምሳሉ። ሙት ዓመቱ በሚቀጥለው እሑድ፣ በጾሙ ውስጥ ስለሚውል ድግሱ ሽሮ ነው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሽታ አወደኝ።

«እማማ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩበት እንዴ?»

«ነጭ ሽንኩርት ከየት መጥቶ?» አሉ እያሳላቸው። «አፍንጫሽንም አሞሻል?»

ቤቱ ውስጥ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አልነበረም። እኔም ረሳሁት።

በሦስተኛው ቀን ልየው መቆም አቃተው። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወገዳ አደረሱልን፤ ከዚያ በጭቃው መንገድ መኪና ስንገፋ፣ ስንወጣ ስንወርድ ውለን ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ገባን። አማቴ አብረውን መጡ። በአንድ እጃቸው አገልግል፣ በሌላው አንድ ፌስታል የሽሮ ዱቄት ይዘዋል። እዚያ ሆስፒታሉ አጠገብ የሚኖሩ ዘመድ አሏቸው፤ ወጡን በየቀኑ እነሱ ዘንድ እየሠሩ ያመላልሱ ጀመር።

በሽተኞቹ ሁሉ ፊት ነው የነገሩኝ። «ስሚ፣ አንቺ ሴት። ከእኔ እጅ በቀር ወደ ልጄ አፍ አንዲት እህል አትገባም። ውሃም ብትሆን።»

ዳቦና ሙዝ ገዝቼ ነበር። ከራስጌው አንሥተው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ። ከጎናችን የተኛችው ሴት አስታማሚ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። ልየው ዐይኑን ጨፈነ። እናቱን እሺ ብሎ እኔን ማስቀየም፣ እኔን እሺ ብሎ እናቱን መስበር፤ ሁለቱም ከብዶታል። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ፍትፍቱን በትንሽ በትንሹ እየጠቀለሉ አጎረሱት። «ለእናትህ ስትል፣ አንዲት ብቻ» እያሉ። እሱም ዋጠ።

ዋጠና ማታ አስመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። ግሉኮሱ ይንጠባጠባል፣ መድኃኒቱ ይሰጣል፣ እሱ ግን ከመጣበት ብሶበት ቁልቁል ይሄዳል። ልጅ ሳይወልድልኝ፣ ስሜም ሳይጸዳ ሊሞትብኝ ነው እያልኩ ኮሪደሩ ላይ አለቅስ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዶክተሯ መጣች። ወጣት ናት፤ ካገራችን ሰው ጋር ስታወራ ቶሎ ቶሎ ስለምትናገር ግማሹ ያልፋቸዋል። መርፌውን ልታስተካክል እጁን አነሣችና ቆመች። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ አየች። ከዚያ በዐይኗ ጠቅሳኝ ወጣች። ተከተልኳት።

«ሚስቱ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጥፍሩ ላይ ያለውን አይተሻል? በሁሉም ጣቶቹ ላይ ነጭ መስመር አለ፣ አግድም። ሁለት ነው። አንዱ ወደ ጫፉ ወጥቷል፤ ሌላው ከሥሩ ገና ብቅ ማለቱ ነው። ከእግሩና ከሆዱ ጋር ሳየው...» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አርሴኒክ የሚባል መርዝ ነው የምጠረጥረው። በምግብ ሲሰጥ ጣዕም የለውም፣ አይታወቅም።»

ጆሮዬ አንዲቷ ቃል ላይ ቀረ። «ሲሰጥ?»

«እየከሰስኩሽ አይደለም። ግን መጠየቅ አለብኝ። ምናልባትም ለፖሊስ ማሳወቅ። አንድ ጊዜ ተመቷል፣ ቀጥሎ የተረፈበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ እንደገና ተመቷል። ምግቡን ማነው የሚሠራለት?»

 ግድግዳውን ተደገፍኩ። መንደርተኛው ያለኝን እንኳ ትቼው ነበር፤ አሁን የተማረ ሰው ጥፍር አንብቦ ያንኑ ሊለኝ ነው። ስሜን ለማጽዳት የሚበቃኝ አንድ ቃል ነበር፦ «እናቱ።» አፌ ላይ መጣ። ግን እማማ የልፍኝ ልጃቸውን? ያን የሚያምን ሰው ቢኖር ከእኔ ጀምሮ አላበደም ወይ?

«መስመሮቹን እንደገና ያሳዩኝ» አልኳት።

ገብተን አየን። አማቴ ለጠበል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። የልየውን አውራ ጣት ይዤ ከጫፉ ወደ ሥሩ ወረድኩ። ነጭ። ከዚያ ደህና፣ ሥጋ የመሰለ ጥፍር። ከዚያ ነጭ። ደግሜ ወረድኩ። ምን ልበላችሁ! ይህን ነገር አውቀዋለሁ።

«ዶክተር፣ ይሄ ሁዳዴ ነው» አልኳት። «ይሄ መሐሉ ሃምሳው ነው። ይሄ ደግሞ የሰኔ ጾም።»

«አልገባኝም።»

«ይጾማል። በጾም ቤታችን ሽሮ ነው የሚበላው፣ ዛሬም ነገም ሽሮ። በፍስክ ግን ሽሮውን ማን ያየዋል?»

ዶክተሯ ጥፍሩን ደግማ አየች። «ሽሮውን ሌላ ማን ይበላል?»

«እኔ ቅዳሜና እሑድ ጥቂት እቀምሳለሁ። ዘወትር የሚበሉት እናቱ ናቸው።»

«እሳቸው ደህና ናቸው?»

መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ። ጋቢው ትዝ አለኝ።

አማቴ ጠበሉን በጠርሙስ ይዘው፣ አገልግሉን አንግተው ሲገቡ ሁለታችንም አልጋው አጠገብ ቆመን ነበር።

«እማማ፣ እባክዎ እጅዎን ያሳዩኝ» አለች ዶክተሯ።

«እኔ ምን ሆኜ? የታመመው ልጄ ነው።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ብርድ ነው ልጄ። ያሮጊት ብርድ።»

ልየው ከአልጋው ላይ «እማዬ፣ አሳዪያት» አለ። ድምፁ በጣም ደክሞ ነበር። እጃቸውን አወጡ። ጥፍሮቻቸው ላይ ያው ነጭ መስመር አለ። የጣቶቻቸው ጫፍ ደግሞ ተጠብሷል፤ ያረጀ ጠባሳ፣ አዲስ ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ። ድስት ሲያወርዱ እሳት ይበላቸዋል፤ እሳቸው አይታወቃቸውም። ከእኔ የደበቁት እጃቸውን ሳይሆን ሕመማቸውን ነበር። ለማንም ሳይናገሩ፣ በዚያ እጅ ለልጃቸው ያበስሉ ነበር።

ዶክተሯ የእናትና የልጁን እጅ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ ስታይ አማቴም አዩ። ሁለቱ ጥፍር አንድ ነው። ፊታቸው ተለወጠ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔንም!» ብለው ጮኹ። «ኧረ ወገን ድረሱልኝ! እኔንም አቅምሳኛለች!»

ክፍሉ ተነሣ። የጎናችን ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ ሰው «ፖሊስ ጥሩ» አለ፤ ሌላው በሩን ያዘ።  ያቺ የማታርፍ ምላሴ ያን ቀን የት እንደገባች አላውቅም።

ዶክተሯ ግን አገልግሉን እያየች ነበር። «እማማ፣ ይህን ምግብ ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ! ታዲያ ማን ይሥራው?»

«እሷ አልነካችውም?»

«እስዋ?» ሳቁ፤ የንዴት ሳቅ። «ባቄላውን የለቀምኩ እኔ። ያመስኩ እኔ። የከካሁ እኔ። ወፍጮ ቤት ይዤው የሄድኩ፣ ቆሜ ያስፈጨሁ እኔ። የእስዋ እጅ አንዲት ፍሬ አልነካም፤ በመሪጌታ አጥንት እምላለሁ! እንኳን እስዋ ነቀዝ እንኳ አልነካውም።»

እያንዳንዱ መሐላ እኔን ነጻ ያወጣኛል፤ እሳቸው ግን አያውቁም። 

«እማማ» አልኩ፣ ከጩኸቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ። «ነቀዙ ለምን አልነካውም?»

ጥያቄው አኮራቸው መሰለኝ ትንሽ በረድ አሉ። «አንዳንዱ ጎረቤት የነቀዝ ኪኒን ይጨምራል። አምና ያቺ የጎረቤቴ ልጅ፣ ያቺ ምስኪን፣ እሱን ውጣ አይደል የሞተችው? እኔ ያን ሰይጣን ቤቴ አላስገባም። መሪጌታ ጥለውልኝ የሄዱት አለ።»

«ምን?»

«ቢጫው ነዋ። ቀለማቸው። በቀንድ አድርገው የሚያስቀምጡት፣ እንደ ወርቅ የሚያበራው ድንጋይ። ለመልአኩ አክሊል የሚቀቡት። ብራናውን ብል እንዳይበላባቸው ከመጽሐፉ ሥር ይነሰንሱት ነበር። ብል የፈራውን ነቀዝ አይፈራውም? ፈጭቼ ባቄላው ላይ ነሰነስኩት። ቅዱስ መጽሐፍ የጠበቀ፣ እህል ሊጠብቅ ያንሰዋል?»

ሽሮ ቢጫ ነው። በቢጫ ላይ ቢጫ ማን ያያል?

ዶክተሯ ስልኳን አውጥታ ፈለገች። አንድ ፎቶ አገኘችና ለአማቴ አሳየቻቸው፤ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ድንጋይ ነው።

«ይሄ ነው እማማ?»

ፊታቸው በራ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ! ምነው ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ከየት አወቅሽው?»

ያን ደስታቸውን እስክሞት አልረሳውም።

ዶክተሯ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ድንጋዩ አርሴኒክና ድኝ መሆኑን ነገረችኝ። «ግን ድንጋዩ እንዲሁ ሲሆን ጉዳቱ ይቀንሳል። ተፈጭቶ እሳት ካገኘው ነው የሚከፋው» ስትለኝ የዚያ ቅዳሜ ሽታ ተመልሶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

«ነጭ ሽንኩርት ይሸታል?» አልኳት።

ደነገጠች። «ሸቶሻል? አርሴኒክ ሲቃጠል እንደሱ ነው የሚሸተው።»

አጠቃላይ ሳይንስ እንደማስተምር ስነግራት ሁሉንም ዘርዝራ አስረዳችኝ። ሕዋስ ማለት ለእኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምሥለው ክብ ነበር፤ መሐሉ ላይ ነጥብ። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል፣ ይፈተኑበታል፣ ይረሱታል። ያን ቀን ግን ሕዋስ ማለት ባሌ ሆነ። እያንዳንዱ ሕዋስ ከምንበላው ጉልበት የሚያወጣበት የራሱ ምድጃ አለው፤ አርሴኒክ ገብቶ ያን ምድጃ ያዳፍነዋል አለችኝ። ምግቡ አለ፣ እሳቱ አይነድም። አንደኛው ዓይነቱ ደግሞ ሕዋሱ ከሚያውቀው፣ ዘወትር በሩን ከሚከፍትለት ከፎስፎረስ ጋር ስለሚመሳሰል እንደ ዘመድ ይገባል። ረጅሙ የነርቭ ሕዋስ ቀድሞ ይራባል፤ ለዚህ ነው ከእግርና ከእጅ ጣት የሚጀምረው። ዓመታት ከቆየ ሕዋሱ የሚባዛበትን ሥርዓት አበላሽቶ ወደ ካንሰር ሊወስድ ይችላል። «ዋናው መድኃኒት ማቆም ነው» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ እህል አንዲት ፍሬ እንዳይቀምሱ።»

ወደ ልየው ተመለስኩ። አማቴ ደክሟቸው ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እሱ ግን ሁሉንም ሰምቷል።

«ደጌ» አለኝ። «እንዳትነግሪያት። ሌላ እህል ግዢና ይሄኛው ተበላሸ በያት። ይህን ከሰማች አትኖርም።»

እሺ ልለው ነበር። እውነቴን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዝኜላቸው ነበር። ከዚያ እሑድ ትዝ አለኝ። የመሪጌታ ሙት ዓመት! ያ ሁሉ ሽሮ ተፈጭቶ ለደጋሾቹ ተሰጥቷል። ካህናቱ፣ ተማሪዎቹ፣ ነዳያኑ፣ አገሩ በሙሉ ሊበላው ነው።

ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ብዙ ሞክሬ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ልየው እንዴት አለ?»

«አባቴ፣ የሙት ዓመቱ ሽሮ እንዳይነካ። መርዝ አለበት።»

  «ልጄ» አሉ፣ «ሽሮው የእማማ የልፍኝ ነው። ለሙታቸው ያዘጋጁት ነው። አንቺ ደግሞ... ሰው የሚልሽን ታውቂያለሽ። እሳቸው ይንገሩኝና እሰማለሁ። አንቺ ብለሽኝ ግን የመሪጌታን ዝክር አላስቀርም።»

አልፈረድኩባቸውም። ስልኩን እንደያዝኩ ገባሁ። አማቴን ቀሰቀስኳቸውና ወለሉ ላይ ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሕዋስ አልነገርኳቸውም፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ጥፍሩ፣ ስለ ጾሙ ብቻ። መጀመሪያ ሊሰድቡኝ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጥፍራቸውን አዩ። እንደ እኔ ጣታቸውን ከጫፍ ወደ ሥር አወረዱ። ሁዳዴ፣ ሃምሳ፣ ሰኔ። ጾሙን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። አገልግሉን አዩ። በዚያው ጠዋት «ለእናትህ ስትል» እያሉ ያጎረሱት ከእሱ ነው።

አላለቀሱም። እጃቸውን ዘረጉና ስልኩን ተቀበሉኝ።

«አባቴ። የልፍኝ ነኝ። ሽሮውን ቅበሩት። ባቄላውንም ከነጎታው። ሰውም ከብትም እንዳይቀምሰው።» አገልግሉን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ልጄን ያቀመስኩት እኔ ነኝ።»

ያን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ለመስማት ስንት ሌሊት ተመኝቼ ነበር! «እሷ አይደለችም፣ እገሊት ናት» ሲባል ሰምቼ ዕልል ልል። ሲባል ግን እንደዚያ አልሆነም። ስልኩን ቀምቼ «አባቴ፣ ማንም ማንንም አላቀመሰም፣ ድንጋይ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ኔትወርኩ ቀድሞ ተቋርጦ ነበር።

ከቀንዱ የተረፈው ቢጫና ጥቂት ሽሮ አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ፤ ዶክተሯ ያለችው ሆኖ ተገኘ። ልየው ሽሮውን ባቆመ በጥቂት ቀን ማስመለሱ ተወው። እግሩ ግን ቶሎ አልተመለሰም። ዛሬም በምርኩዝ ይሄዳል፤ ጫማው ቢወልቅ አይታወቀውም፣ ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት። እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥተነዋል። ለቅዳሴ ግን ይቆማል።

ከዚያ ወዲህ ክፍል ገብቼ ያን ክብ ስስል እጄ ይቆማል። እናንተ የምታነቡኝ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ ሰው ሲታመም የምንፈልገው ክፉ እጅ ነው። ክፉ እጅ ስንፈልግ ደግሞ ዐይናችን ከመጤዋ፣ ከምላሳሟ፣ ካልወለደችው አያልፍም። እኔ ክፉ ሰው ሳይኖር ክፉ ነገር እንደሚደርስ አላውቅም ነበር። አማቴ ኪኒኑን የተዉት ሰው እንዳይሞት ብለው ነው፤ ቢጫውን የመረጡት መጽሐፍ ስለጠበቀ ነው፤ እኔን የከለከሉኝ ልጃቸውን ለማዳን ነው። በየደረጃው ያደረጉት ሁሉ ከፍቅር ነው፤ ይህ እስከዛሬ ያስደነግጠኛል። ጎታችሁ ውስጥ ምን እንደጨመራችሁ ጠይቁ። የእርሻ መድኃኒትም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ቀለም፣ ነፍሳት የሚገድል ነገር ነፍስን አይመርጥም።

መንደርተኛው መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ እኔም ይቅር ብያለሁ፣ አንዳንዱን በግማሽ። ያስቸገሩኝ አማቴ ናቸው። ከንፋስ መውጫ ከተመለስን በኋላ ምድጃ አጠገብ አልደርስ አሉ። ወጥ እኔ እሠራለሁ፤ የሰጠኋቸውን ይበላሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። እንጀራ እንኳ ቆርሰው ለሰው አያቀብሉም። እጃቸው ከጋቢው ሥር ነው። ስለ ጨውም ሆነ ስለ እስቴ ሴት ትንፍሽ የለም። ብታምኑኝ፣ ናፈቀኝ።

የመሪጌታ ሙት ዓመት ተላልፎ በጥቅምት ተደገሰ። በተገዛ ምስር፣ በእኔ እጅ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ከተቀመጡ በኋላ እማማ የልፍኝ ጥግ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። መሶቡን አንሥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩና ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ያጉርሱኝ።»

 ልየው ምርኩዙን ይዞ ቀና አለ።

«እጄን አታዪውም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አይቼዋለሁ።»

 ከዚያ እጃቸው ከጋቢው ወጣ። መስመሩ አልቆ ወድቋል፤ አዲስ ጥፍር ነው ያለው። ጣታቸው ግን አሁንም አይሰማም። የጠቀለሉት ምን ያህል እንደሆነ ስላልታወቃቸው ጉርሻው ከአፌ በላይ ነበር፤ ሁለት ጉንጬን ወጥሮ ገባ። እንባዬ መጣ።

አማቴ ጣታቸው ላይ የቀረውን ወጥ ቀመሱና ፊታቸውን ጨፍገግ አደረጉ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

አፌ ሞልቶ ስለነበር መልስ አልሰጠኋቸውም።